ስለ አመልካች ቀለሞች አዘገጃጀትና አጠቃቀም

ለጌዴኦ አገር መምህራንና ሽማግሌዎች የተሰጠ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ስለ ቀለም ነው። ቀለም ስል ግን ለጽሕፈት ወይም ለጌጥ የሚሆነውን አይደለም፤ የአንድን ነገር የተሰወረ ጠባይ ለዓይን የሚመሰክረውን ቀለም ነው እንጂ። ይህም በኬሚስትሪ ትምህርት አመልካች ይባላል። ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ጥበብ እንዳይመስላችሁ፥ አስቀድሜ በየቤታችን የሚታየውን ምሳሌ አነሣለሁ። እርድ የገባበት አልጫ ወጥ በነጭ ነጠላ ላይ ሲፈስ ቢጫ እድፍ ይተዋል። እድፉ በሳሙና በታሸ ጊዜ ወዲያው ወደ ቀይነት ይለወጣል፤ በብዙ ውሃ ተለቅልቆ ሳሙናው ሲወጣም እንደ ገና ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ይህን እናቶቻችን ሁልጊዜ ያያሉ። እርዱ በሳሙናው ውስጥ ያለውን ጠባይ አግኝቶ መሰከረ ማለት ነው።

ይህ ጠባይ ምንድር ነው ቢባል፥ ነገሮች በውሃ ሲሟሙ ከሦስቱ ባንደኛው ወገን ይገኛሉ። እንደ ሎሚና እንደ ኮምጣጤ ያሉት አሲድ ናቸው፤ እንደ ሳሙናና እንደ አመድ ውሃ ያሉት ቤዝ ናቸው፤ ንጹሕ ውሃ ግን ወደዚህም ወደዚያም ሳያደላ በመካከል ይቆማል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1664 ሮበርት ቦይል የተባለው ሊቅ ስለ ቀለሞች ባሳተመው መጽሐፍ የቫዮሌት አበባ ጭማቂ በአሲድ ቀይ፥ በቤዝ አረንጓዴ እንደሚሆን ጻፈ። በ1909 ደግሞ በኮፐንሃገን ከተማ በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው የዴንማርክ ሰው ሶሬንሰን የአሲድንና የቤዝን ኀይል በቍጥር የሚያሳይ መለኪያ አወጣ። ይህም ፒኤች ይባላል። በዚህ መለኪያ 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፥ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። እያንዳንዱ እርከንም የ10 እጥፍ ልዩነት አለው፤ ይኸውም ፒኤች 5 የሆነ ውሃ ፒኤች 6 ከሆነው 10 ጊዜ፥ ፒኤች 7 ከሆነውም 100 ጊዜ የበለጠ አሲድ ነው። ስለዚህ ከ6 ወደ 5 መውረድ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ይህ ትምህርት ለጌዴኦ አገር ምን ይጠቅመዋል የሚል ጠያቂ ቢነሣ መልሱ ቅርብ ነው። ይህ ምድር ቡናንና እንሰትን በጥላ ዛፍ ሥር አስማምቶ በማልማቱ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ነገር ግን ዝናሙ የበዛ ደጋ አገር ሁሉ እንደሚሆነው፥ ውሃው እንደ ካልሲየምና እንደ ማግኒዥየም ያሉትን ጠቃሚ ማዕድኖች ከአፈሩ ያጥባቸዋል፤ አፈሩም እያደር አሲድ ይሆናል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች በወረደ ጊዜ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን እድገት ይጎዳል፤ ፎስፎረስ የሚባለውም የእህል ምግብ ከአፈሩ ጋራ ታስሮ ለተክሉ አይደርሰውም። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ቢጨምርም ገብሱ የሚቀጭጭበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚህም ሌላ የቆጮ ሊጥ ጕድጓድ ገብቶ ሲብላላ፥ ቡናም በገንዳ ተዘፍዝፎ ልጋጉ ሲለቅ፥ ከሥራው የሚወጣው አሲድ ነው። እንግዲህ አሲድና ቤዝ በመጽሐፍ ብቻ የሚነበቡ ስሞች አይደሉም፤ በማሳውም በጓዳውም ያሉ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። አመልካች ቀለም ምስክር ነው። እናንተ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጣችሁ ነገር ስትሰሙ፥ ምስክር በቅቶ ካልተመረጠና በአግባቡ ካልተጠየቀ ፍርዱ እንደሚጣመም ታውቃላችሁ። ቀለሙም እንዲሁ ነው። በሚገባ ተዘጋጅቶ በሚገባ ከተጠየቀ እውነት ይናገራል፤ በቸልታ ከተዘጋጀ ግን ሳያፍር ሐሰት ይናገራል፤ መልኩም ያው ብሩህ ስለ ሆነ ሐሰቱን ከእውነቱ የሚለየው የለም። በዚህም ምክንያት ገበሬ ገንዘቡን ለማያስፈልገው ኖራ ያወጣል፤ ወይም የሚያስፈልገውን ኖራ ሳያገኝ ይቀራል፤ ተማሪም በዓይኑ ያየውን ማመን ይተዋል። ስለዚህ አዘገጃጀቱን በዝርዝር እናገራለሁ።

መጀመሪያ ውሃው ነው። የወንዝም የጕድጓድም ውሃ የራሱ ጠባይ ስላለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚያሻው እንደ አረቄ በእንፋሎት ወጥቶ፥ በቀዝቃዛ ቱቦ አልፎ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ አረቄ የምታወጣ ሴት ሁሉ ዘዴውን ታውቀዋለች፤ ዕቃው ግን አረቄ ያልነካው ንጹሕ መሆን አለበት። ይህም የእንፋሎት ውሃ ቢሆን ክፍት ሆኖ ሲያድር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይጠጣና ፒኤቹ ወደ 5.6 ገደማ ይወርዳል። በዚህ ውሃ አፈር ቢመረመር ቀለሙ አሲድ ነው ብሎ ሊመሰክር ይችላል፤ የመሰከረው ግን ስለ ውሃው እንጂ ስለ አፈሩ አይደለም። ስለዚህ ውሃው ከሥራው በፊት 10 ደቂቃ ያህል ይፈላ፤ ተከድኖም ይቀዝቅዝ።

ሁለተኛ ዕቃው ነው። ብርጭቆው በሳሙና ከታጠበ በኋላ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ፥ በመጨረሻም በእንፋሎት ውሃ ይለቅለቅ። በብርጭቆ ጥግ የቀረች ጥቂት ሳሙና ፈተናውን ሁሉ ልታበላሽ ትችላለች።

ሦስተኛ ዱቄቱ ነው። ለገጠር ተማሪ ቤት አራት ቀለሞች ይበቃሉ።

አንደኛው ሜቲል ኦሬንጅ ነው። 0.1 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ትኩስ የእንፋሎት ውሃ ይሟሟል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠለላል። ከፒኤች 3.1 በታች ቀይ፥ ከ4.4 በላይ ቢጫ ነው።

ሁለተኛው ሜቲል ሬድ ነው። 0.1 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር አልኮል ይሟሟል። ከ4.4 በታች ቀይ፥ ከ6.2 በላይ ቢጫ፥ በመካከል ብርቱካንማ ይሆናል።

ሦስተኛው ብሮሞታይሞል ብሉ ነው። ይህ በውሃ ብቻ እንቢ ስለሚል፥ 0.1 ግራሙ በጥቂት ቤዝ ይሟሟል፤ ይኸውም በ1 ሊትር ውሃ 0.4 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከተሟሟበት ላይ 16 ሚሊ ሊትር ተወስዶ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃ ተጨምሮ 250 ሚሊ ሊትር ይሞላል። ከ6.0 በታች ቢጫ፥ ከ7.6 በላይ ሰማያዊ፥ በመካከል አረንጓዴ ነው። በጠርሙሱ ያለው ቀለም ራሱ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቀመጥ፥ ቢጫ ቢሆን ከዚያው ቤዝ፥ ሰማያዊ ቢሆን እጅግ ከቀጠነ አሲድ በጠብታ ይታረም። ከመጠየቁ በፊት ወዳንዱ ወገን ያደላ ምስክር አይሁንባችሁ።

አራተኛው ፌኖልፍታሊን ነው። 1 ግራም በ50 ሚሊ ሊትር አልኮል ይሟሟል፤ ከዚያ 50 ሚሊ ሊትር የእንፋሎት ውሃ ቀስ እያለ፥ እየተማሰለ ይጨመርበታል። ውሃው በችኰላ ቢፈስስ ቀለሙ ነጭ ደመና ሆኖ ይወርዳል፤ ይህ ቢሆን ይጠለል። ከ8.2 በታች መልክ የለውም፤ ከዚያ በላይ ግን እየቀላ ሄዶ በ10 ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል።

የተማሪ ቤቱ ሚዛን 0.1 ግራምን በእርግጥ የማይለይ እንደ ሆነ፥ በግምት አትመዝኑ። 1 ግራም መዝናችሁ ውሃውን ወይም አልኮሉን በዚያው ልክ 10 እጥፍ አድርጉትና ጎረቤት ለሆኑት ተማሪ ቤቶች አካፍሉ። በየጠርሙሱም ላይ የቀለሙ ስም፥ መጠኑ፥ የተሟሟበት ነገር፥ የተዘጋጀበት ቀንና ያዘጋጀው ሰው ስም ይጻፍ። ጠርሙሱ ጥቍር ወይም ቡናማ ሆኖ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ስም የሌለው ጠርሙስ ይደፋ እንጂ አይገመት።

ዱቄት መግዛት ለማይቻለው ተማሪ ቤት ገበያችን የራሱን ምስክር ይሰጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ እርድ በግማሽ ብርጭቆ አልኮል፥ አልኮል ባይኖር በጠንካራ አረቄ አሳድራችሁ አጥልሉት። እርድ በውሃ በደንብ ስለማይሟሟ ነው አልኮል ያስፈለገው። ነጭ ወረቀት በዚህ ነክራችሁ በጥላ አድርቁ፤ ቈራርጣችሁም በተከደነና ብርሃን በማይገባው ዕቃ አኑሩት። ይህ ወረቀት ቤዝ ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማነት ይለወጣል። ነገር ግን ለሎሚም ለንጹሕ ውሃም ያው ቢጫ ነው፤ አሲድን ከመካከለኛ ለይቶ አይናገርም። ቀይ ጥቅል ጎመን በተገኘ ጊዜ ተከትፎ ተቀቅሎ የወጣው ውሃ የበለጠ ይናገራል፤ በኀይለኛ አሲድ ቀይ፥ በመካከለኛ ሐምራዊ፥ በቤዝ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፥ እጅግ በኀይለኛ ቤዝም ቢጫ ይሆናል። ይህ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ በተቀቀለበት ቀን ይሠራበት። ቀለም ያለው ነገር ሁሉ ምስክር አይሆንም፤ ቀይ ሥር መልኩ ደማቅ ሳለ፥ ኀይለኛ ቤዝ ካላገኘው በቀር ብዙም አይለወጥም።

አሁን ስለ አጠያየቁ። ቀለሙ ራሱ ደካማ አሲድ ወይም ደካማ ቤዝ ነው፤ መልኩ የሚለወጠውም ሃይድሮጅንን ሲይዝና ሲለቅ ነው። እንግዲህ ብዙ ቀለም ቢጨመር ቀለሙ የሚመረመረውን ነገር ጠባይ ራሱ ይለውጠዋል። ለ10 ሚሊ ሊትር 2 ወይም 3 ጠብታ ይበቃል። መልኩ እንዲጎላ ብሎ ጠብታ ማብዛት ምስክርን አስፈራርቶ እንደ ማናገር ነው።

የማይታወቀው ነገር ከመጠየቁ በፊት የታወቀው ይጠየቅ። ሎሚ፥ ኮምጣጤ፥ ፈልቶ የቀዘቀዘ የእንፋሎት ውሃ፥ የሳሙና ውሃና የአመድ ውሃ በተራ በየብርጭቆው ተደርድረው ቀለሙ ይጨመርባቸው። በእነዚህ ላይ የሚገባውን መልክ ካልሰጠ ያ ቀለም ተበላሽቷል፤ ይደፋ። ደግሞም ቀለም ያልገባበት አንድ ብርጭቆ ከተመርማሪው ነገር ለብቻ ይቀመጥ፤ የራሱን መልክ ከቀለሙ መልክ ለመለየት ይረዳል። ብርጭቆዎቹ በነጭ ወረቀት ፊት፥ በቀን ብርሃን ይታዩ። ከሰው መካከል፥ በተለይም ከወንዶች፥ ቀይንና አረንጓዴን መለየት የሚሳነው አለ፤ ስለዚህ ሦስት ልጆች ሳይነጋገሩ ያዩትን በየወረቀታቸው ይጻፉ፥ ከዚያ በኋላ ይነጻጸር። መምህሩ የሚጠብቀውን መልክ አስቀድሞ አይናገር፤ ልጅ መምህሩን ለማስደሰት ያላየውን አየሁ ይላልና።

የቀለም ምርጫም እንደ ጥያቄው ነው። ተማሪዎች በኮምጣጤ ውስጥ ያለውን የአሲድ መጠን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እያንጠባጠቡ ሲለኩ፥ ነገሩ የሚያልቀው ከ7 በላይ ስለ ሆነ ፌኖልፍታሊን ይገባል። በሱ ፋንታ ሜቲል ኦሬንጅ ቢያስገቡ ሥራው ሳያልቅ መልኩን ስለሚለውጥ፥ ኮምጣጤው ከእውነቱ ያነሰ አሲድ ያለው ይመስላል። ቀለሙ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ስላላየው ነገር ነው እንጂ።

ለአፈር ምርመራ እንዲህ አድርጉ። ከማሳው ከብዙ ስፍራ እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት አፈር ወስዳችሁ ደባልቁ፥ በጥላም አድርቁ። አንድ እጅ አፈር በሁለት እጅ ተኩል የእንፋሎት ውሃ ደጋግማችሁ በጥብጡ፤ ከረጋ በኋላ ላዩን አጥልሉት። የጠራውን ውሃ ለሁለት ከፍላችሁ ባንዱ ብሮሞታይሞል ብሉ፥ በሌላው ሜቲል ሬድ ጨምሩ። የፊተኛው ቢጫ ሆኖ የኋለኛው ብርቱካንማ ቢሆን፥ አፈሩ በ4.4ና በ6 መካከል ነው። የኋለኛው ፈጽሞ ቀይ ቢሆን ከ4.4 በታች ወርዷል። የፊተኛው አረንጓዴ ቢሆን ግን አሲድነቱ አያሰጋም። እንዲህ ሁለት ምስክሮች ተጋግዘው አንዱ ብቻውን የማይለውን ይናገራሉ።

በቆጮና በቡናም ልጆች ይህንኑ ሊያዩ ይችላሉ። የቆጮ ሊጥ ሲብላላ ፒኤቹ ከ6.5 ገደማ ተነሥቶ ወደ 4.2 ገደማ ይወርዳል፤ ከሊጡ በየሳምንቱ ጥቂት ወስዶ በውሃ በጥብጦ በሜቲል ሬድ የሚመረምር ተማሪ፥ ቢጫው ወደ ብርቱካንማ፥ ብርቱካንማውም ወደ ቀይ ሲሄድ በዓይኑ ያየዋል። የቡናውም ገንዳ ልጋጉ ሲለቅ ውሃው እየጎመዘዘ ይሄዳል። ይህ ማለት ግን እናቶች በእጃቸውና በአፍንጫቸው የሚያውቁትን፥ የቡና አጣቢዎችም ፍሬውን አሽተው እንደ ጠጠር ሲንኰሻኰሽ የሚለዩትን ልማድ ይንቀል ማለት አይደለም። ቀለሙ ያንኑ የአያቶች እውቀት በሌላ አንደበት ይመሰክርለታል፤ ለልጅም የሚጻፍ ቍጥር ይሰጠዋል።

የወንዝ ውሃም እንዲሁ ይመረመራል። የቡና እጥበት ፍሳሽ አሲድ ነው፤ ከዚህ አገር የሚወርዱትም ወንዞች ወደ ጊዳቦና ወደ አባያ ሐይቅ ይሄዳሉ። በአንድ ቀን፥ በአንድ ሰዓት ከፍሳሹ በላይና በታች ውሃ ቀድታችሁ በብሮሞታይሞል ብሉ ብታዩት ልዩነቱ ይታወቃል። ነገር ግን ሁለት ነገር አትርሱ። ፍሳሹ ወንዙን ይበልጥ የሚጎዳው ለዓሣና ለተንቀሳቃሽ ሁሉ የሚያሻውን ኦክስጅን በመጨረስ ነው፤ ይህን ደግሞ ቀለሙ አያሳይም። ሁለተኛም አረንጓዴ የሰጠ ውሃ ሁሉ የሚጠጣ አይደለም፤ ፒኤቹ 7 የሆነ ውሃ የበሽታ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ። ቀለሙ ስለ አሲድና ስለ ቤዝ እንጂ ስለ በሽታ አልተጠየቀም።

ለአፈሩም ወሰን አለው። ቀለሙ አፈሩ አሲድ መሆኑን ይናገራል፤ ስንት ኵንታል ኖራ እንደሚያሻው ግን አይናገርም። ይህ በላቦራቶሪ ተመርምሮ የሚታወቅ ነው። ቡና ደግሞ መጠነኛ አሲድነት የሚስማማው ተክል ስለ ሆነ፥ ለገብስ የተባለውን ኖራ ለቡና ማልበስ ጥፋት ነው። እንግዲህ የቀለሙ ዋጋ ከብዙ ማሳ መካከል የትኛው ወደ ምርመራ እንደሚላክ ማሳየቱ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ያለው በደጃችን ነውና፥ መምህራን ውጤታቸውን ከመሣሪያ ጋራ ለማመሳከር ቢጠይቁ መልካም ነው።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት ልናገር። አልኮል እሳት ይስባል፤ ምድጃ ወይም ፋኖስ ባለበት አይከፈት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይንንና ቆዳን ያቃጥላል፤ ልጅ በእጁ አይንካው፤ ከነካውም በብዙ ውሃ ይታጠብ። አሲድ ሲቀጥን አሲዱ ወደ ውሃው ይፈስሳል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይፈስስም። ፌኖልፍታሊን በቀድሞ ዘመን ለሆድ ማስቀመጫ መድኀኒት ይሰጥ ነበር፤ በኋላ ግን ጎጂነቱ ስለ ተጠረጠረ በብዙ አገር ቀርቷል፤ ስለዚህ ማንኛውም ቀለም አይቀመስ፥ የሚበላበትና የሚጠጣበትም ዕቃ ለዚህ ሥራ አይዋል።

የተከበራችሁ ሆይ፤ በመጨረሻ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በየተማሪ ቤቱ አንድ መዝገብ ይከፈት። በእርሱም የማሳው ስፍራ፥ ቀኑ፥ የቀለሙ ስም፥ የታየው መልክና ያዩት ልጆች ስም ይጻፍበት። መምህሩ ቀለሙን በጥንቃቄ ያዘጋጅ፤ ሽማግሌው ማሳውን ያሳይ፥ የቀድሞ ታሪኩንም ይንገር፤ ልጁ አይቶ ይጻፍ። ይህ ለጥቂት ዓመታት ቢደረግ በቡሌ ደጋ ገብስ የሚዘራውም፥ በይርጋ ጨፌና በኮቸሬ ቡና የሚለቅመውም ስለ ገዛ መሬቱ የሚጠይቀው መዝገብ ያገኛል። ልጆቻችንም «እገሌ ብሏል» ከማለት ይልቅ «ጠይቀን አየን፥ ያየነውም ይህ ነው» ማለትን ይማራሉ። ከኬሚስትሪ ትምህርት ሁሉ ይህ አንዱ ቢገባቸው የደከማችሁበት ከንቱ አይሆንም።